ሁለቱን የኋላ እግር ባንድ ጊዜ የፈታሁ ቀን

አማቴ እኔ የምናገረውን ሁሉ ለሦስት ከፍለው አንዱን ብቻ ያምናሉ። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት፤ እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምታ። እኔ ግን አልተቀየምኩም። እንዲያውም ደግ ናቸው አልኳት፤ የገዛ እናቴ ለዘጠኝ ነበር የምትከፍለው።

ነገሩ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሆዴ ገና ከመሪ ጋር አልተዋወቀም። አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎና ስድስት ሰባት እግር ሙዝ አለ፤ ከማንጎው ሥር ደግሞ አሮጌ ፒካፓችን ትቆማለች። አሮጌ ስል ለወሬ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ሚስማር ያመላለሰባት እሷ ነች። ቀለሟ ባንድ ወቅት ሰማያዊ እንደነበር የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። በእሷ ከላንቴ ሙዝ፣ ከጨንቻ ድንች እየጫንኩ ሲቀላ ገበያ አራግፋለሁ፤ ኑሯችን ያ ነበር።

ሚስቴ የጨንቻ ልጅ ናት። አባቷ ቀደም ብለው ስላረፉ እናቷ እዚያው ደጋው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከጨንቻ ወደ እኛ የሚወርደውን መንገድ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። በዚያ ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከመርዘሙ የተነሣ ላይ ሹራብና ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ታች ሲደርስ በካናቴራ ቀርቶ ውሃ ይለምናል። በዚህ መንገድ ላይ ሞተር የሌለው መኪና ችግር የለበትም፣ እንዲያው ይንከባለላል። ፍሬን የሌለው ግን ችግር አለበት።

ልጃችን ከመወለዷ ሁለት ወር በፊት አማቴን ጭኜ ስወርድ ፍሬኗን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ሊጥ የረገጥኩ ያህል ለስልሶ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያው ነው። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ በመጨረሻም መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ካለ የእንሰት ጓሮ ላይ አስደገፍኳት። እንሰት ለስላሳ ነው፤ ማንም አልተጎዳም። አማቴ በሩን ከፍተው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የመጡበትን ዳገት በእግራቸው ያዙት። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«አንተ የምትነዳው ነገር ላይ፣ በቅሎም ቢሆን፣ ሁለተኛ አልወጣም።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሲቀላ ሻይ ቤት ገብቼ ሰባት ኩርባ በሁለት ጎማ እንደወረድኩ፣ በስምንተኛው ላይ መኪናዋ ከአንድ በሬ በላይ እንደዘለለች አወራሁ። ወሬው በሳምንቱ ጨንቻ ወጣና አማቴ ጆሮ ገባ። ያን ጊዜ እንኳ ለሦስት ከፍለውት ነበር፤ ሢሶው ራሱ የሚያስፈራ ሆነባቸው።

ከዚያ ልጅቷ ተወለደች። ሴት ስለሆነች ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያ ቀን ደግሞ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም። ቀኑ እሑድ ላይ ዋለ። የገበያ መኪና ከጨንቻ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሰው የሚቀመጠው ከጭነቱ አናት ላይ ነው፣ የአማቴ ጉልበት ደግሞ እንኳን ጭነት ላይ አልጋ ላይ ለመውጣትም ያስቸግራቸው ነበር። የቀረው የእኔ መኪና ነው።

ሚስቴ ልጅቷን እያጠባች ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ ካልመጣች ክርስትናው ይቀራል አልልህም» አለች። «ይነሣል። አንተን ግን ዕድሜ ልክህን አስታውስሃለሁ።»

ይህች ሴት የምትለውን ታደርጋለች። በዚያው ሳምንት ወደ ጨንቻ በሚሄድ ሰው መልእክት ላክን፤ መልሱ አጭር ነበር። ፍሬኑ ይጠገን፣ ቅዳሜ ይምጣ፣ አይቼ እወስናለሁ።

በከተማችን እጁ የሚታመን አንድ መካኒክ ነበር። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ የቀረ የጭነት መኪና ሊያነሣ ካምባ ሄዶ፣ ዝናብ መንገዱን ዘግቶበት፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እኔም ለሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ መኪና ዓይኔን ተሸፍኜ ፈትቼ እንደምገጥም ስናገር የከረምኩ ሰው ነኝ። እውነቱ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ መብራት ይዣለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። የፊቶቹ እግሮች ገና በቅርቡ በዚያው መካኒክ ታይተዋል፤ ጥፋቱ ከኋላ ነው። የቀኝ የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቦ ነበር፣ የፍሬን ዘይት ነው። የእኔ መኪና ፍሬን አራቱንም እግር የሚመግበው ባንድ ቧንቧ ስለሆነ አንድ እግር ላይ ካፈሰሰ አራቱም ይጠማሉ። ለዚያ ነው ያኔ ፔዳሉ ወለል የገባው፤ ከዚያ ወዲህ ዘይት እየጨመርኩ ሜዳ ሜዳውን ብቻ ስነዳት ከርሜያለሁ። አዲስ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ፣ አዲስ የፍሬን ሸራና አንድ ቆርቆሮ ዘይት ገዛሁ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፣ በክሪክ አነሣኋት፣ ጎማውን አወረድኩ።

ታምቡሩ አልወጣ አለ። ታምቡር ማለት ያ ድስት የመሰለው ብረት ነው፤ ሸራዎቹ ውስጡ ቁጭ ይላሉ፣ ፍሬን ሲረገጥ ወደ ውጭ ተለጥጠው ግድግዳውን ይይዙታል። ዝገት አጣብቆት ነበር። ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ የሴቻ ሰው ግማሹ የሥላሴ ደወል መስሎት ተነሥቷል። በመጨረሻ ተላቀቀ። ውስጡ ጥቁር አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ያን አቧራ በአፍ እፍ ማለት ሳንባን መሸጥ ነው።

አሁን መካኒኮች ሁሉ የሚያከብሩት አንድ ሕግ አለ። አንዱን እግር ፈትተህ፣ ጠግነህ፣ ገጥመህ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። የሞላዎቹ አቀማመጥ ቢጠፋብህ ያልተፈታውን ሄደህ ታያለህ። እኔ ይህን ሕግ አውቀዋለሁ። የወጣው ግን ማስታወስ ለማይችሉ ሰዎች እንጂ ለእኔ አልመሰለኝም። ጊዜ ለመቆጠብ ሁለቱንም ፈታሁ።

በዝርክርክነት አልነበረም፣ ሥርዓት ነበረኝ። ከግቢው ሁለት ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ቆርጬ መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። ሌላ አገር መካኒክ ዕቃውን ቆርቆሮ ላይ ይከምራል፤ እኛ አገር ከሙዝ ቅጠል የተሻለ ጠረጴዛ የለም፣ ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከበር አይርቅም። በየቅጠሉ ላይ የላይኛውን ሞላ ከላይ፣ የታችኛውን ከታች፣ ሸራዎቹን ግራና ቀኝ፣ ያቺን ጫፏ ጥርስ ያላትን ትንሽ ብሎን መሀል አድርጌ በተፈቱበት ተራ ደረደርኳቸው። ቆሜ አየኋቸው። ቢቻለኝ ፎቶ አስነሣቸው ነበር።

ምሳ ብሉ ተባለ። ገባሁ። ሽሮው ረቡዕ ስለሆነ ቅቤ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ስመለስ የጎረቤታችን ላም የቀኙን ቅጠል ጨርሳ የግራውን እያጋመሰች ነው።

ይህች ላም በር መክፈት ትችላለች። የእንጨቱን መዝጊያ በቀንዷ ታነሣዋለች፤ ጎረቤቴ ይህን እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ነበር የምታወራው። ቅጠል ለመብላት ስትጎትት የተደረደረው ሁሉ ተበትኗል፤ በእግሯ ደግሞ የተቀረውን ጭቃ ውስጥ ተክላዋለች። ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እኔ አልነበረም።

«ብረት በልታ ይሆን?» አለች ላሟን ሆዷ ላይ እየዳሰሰች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ጠይቂያት።»

«በልታ ከሆነ አንተን አልለቅህም። ከብት አጠገብ ቅጠል ዘርግቶ ብረት የሚያነጥፍ ማን ነው?»

እውነትም ማን ነው? ተንበርክኬ ሣር ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። ሚስቴ ከደጃፉ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና ገባች፤ ስትወጣ ከሞተው ሬዲዮናችን ውስጥ የወጣውን የድምፅ ማጉያ ማግኔት በክር አንጠልጥላለች። ሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው። ጠቅ፣ ሞላ። ጠቅ፣ ፒን። ጠቅ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሚስማር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ዕቃ ተገኘ፤ ላሟም ንጹሕ ሆነች።

ነገር ግን ሁሉም ባንድ ክምር ነው። ሞላዎቹን በማስታወስ ልገጥም ሞከርኩ። ማስታወሴ ሽሮ በልቶ ተኝቷል። አንዱን ገጠምኩ፣ ታምቡሩ አልገባ አለ። ገለበጥኩት፣ ገባ፣ ግን ሁለት ሞላ እጄ ላይ ቀረ። አንዱን በፒንሳ ስስብ አምልጦኝ አውራ ጣቴን ከጥፍሬ ሥር እስከ መገጣጠሚያው ሰነጠቀው።

«የተረፉትን ገበያ እናውጣቸው?» አለች ሚስቴ ቁስሉን እያሰረችልኝ። ከዚያ ግን ሳቋን ትታ «ሐሙስ ነገ ነው» አለች።

እውነተኛው ችግር ሞላዎቹ አልነበሩም፣ ያቺ ባለ ጥርስ ብሎን ናት። ሁለት ናቸው፣ አንዷ የቀኝ አንዷ የግራ፤ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ሥራቸው ሸራው እያለቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ታምቡሩ ማስጠጋት ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ ስትቆም በዚያ ያለ ትንሽ ምላስ ጥርሷን አንድ አንድ እያለ ያዞራታል፤ ብሎኗም ትረዝማለች። የጥርሳቸው መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። የቀኟን ግራ ካስገባህ በየቀኑ በመርዘም ፋንታ ታጥራለች። መጀመሪያ ቀን ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል፣ ትደሰታለህ። ከዚያ ሳታውቀው እየላላ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሰው ጭነህ ቁልቁለት ላይ ታገኘዋለህ። ይህን የነገረኝ መካኒኩ ነው፣ መብራት በያዝኩለት ቀን። ከነገረኝ ሁሉ ይህ ብቻ እንዴት እንደቀረልኝ አላውቅም። ያቺን ሌሊት ስለ ሌላ ነገር አላለምኩም።

በአካባቢው የእኔን ዓይነት ፒካፕ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ፣ በዕድሜ የአባቴ እኩያ። እሳቸው ጋ ሄዶ የአንድ እግራቸውን ፍሬን ፈትቶ ማየት ብቻ ነው የቀረኝ። ችግሩ ከዚያ በፊት ስለ መኪናቸው አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ብሎኖች ኪሴ፣ የትምህርት ቤት ደብተርና እርሳስ ብብቴ አድርጌ በጭነት መኪና ላንቴ ደረስኩ። ሰውዬው ሙዝ ሲያስቆርጡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ።»

«አደርኩ። መኪናዬን ኤሊ ቀደመችው ብለህ ሲቀላ ሙሉ አውርተሃል አሉ።»

«ኤሊ አላልኩም ጋሼ። ቀንድ አውጣ ነው ያልኩት።»

ሙዝ የሚቆርጡት ሰዎች ቢላቸውን ይዘው ቆሙ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ላይ አንድ ታሪክ እጨምር ነበር፤ ያን ቀን ግን የላሟን ነገር፣ የልጅቷን ክርስትና፣ የአማቴን መሐላ፣ ምንም ሳልጨምር ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ተናግሬ አላውቅም።

«ላም በላችው?» አሉ።

«ቅጠሉን ነው ጋሼ። ብረቱን በትናው ነው።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ ሳያወጡ የሚስቁ ሰው ነበሩ። «ግራውን ፍታ» አሉኝ በመጨረሻ። «ግራውን ብቻ። ቀኙን በጣትህ ብትነካ ግን ያቺን ላም እዚህ አምጥቼ አንተን አስበላታለሁ።»

በርጩማ አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጄን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚጠብቁት። ታምቡሩን አውጥቼ የውስጡን አቀማመጥ ደብተሬ ላይ ሣልኩ፤ የትኛው ሞላ በየትኛው ቀዳዳ፣ ምላሱ ወደየት እንደሚያይ፣ አጭሩ ሸራ ወደ ፊት ረጅሙ ወደ ኋላ መሆኑን። ጋሼ አንገታቸውን አስረዝመው ሥዕሉን አዩ።

«ይህ የዶሮ አንጀት ነው» አሉ።

«ገብቶኛል ጋሼ፣ ለእኔ ይበቃል።»

«ላንተ ይበቃል። ለአማትህ ይበቃል ወይ?»

ከዚያ የእሳቸውን ብሎን በጥርሱ ወደ ላይ ስናዞረው እንደሚረዝም አየን። የእኔን ሁለቱን አወጣሁ፤ አንዷ በዚያው መንገድ ረዘመች፣ አንዷ አጠረች። የረዘመችው የግራ ናት። ጋሼ ራሳቸው ከኪሳቸው ክር አውጥተው የግራዋ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠሩልኝ፣ ደግሞ ላም ትመጣ ይሆናል ብለው። እኔም ለውለታው ሸራቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁላቸው፤ ብዙ ሲሠራ እንደ መስታወት ያበራል፣ ያ ሲሆን አይይዝም። ብረት ከብረት የሚፋተግበትን ቦታ በጣት ጫፍ ግራሶ ቀባሁና ገጥሜ ዘጋሁት። መኪናቸውን ነድተው ሙዙ መሀል ቀጥ አድርገው አቆሟት። ከዚያ አንድ ዘለላ ሙዝ አሸከሙኝ።

ዓርብ ማለዳ ሥራዬን እንደ ሰው ጀመርኩ። መጀመሪያ ግራውን፣ ደብተሩን እያየሁ። ቀኙ የግራው ተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚስቴን የፊት ማያ መስታወት ወስጄ ከሥዕሉ ጎን አቆምኩት፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው የቀኝ እግር ነው። ሚስቴ መስታወቷን ግራሶ በነካው እጄ ይዤ ስታየኝ ልትናገር ነበር፤ ከዚያ የማደርገውን አይታ ተወችው። አዲሱን ጎሚኒ በፍሬን ዘይት አርሼ አስገባሁት፣ ሞላዎቹን ጎተትኩ፣ ታምቡሩን መለስኩ። ጎማውን በእጅ ሳዞረው ሸራው በጣም ቀስ ብሎ ሽው እስኪል ድረስ ብሎኗን አጠበቅኳት። የተረፈ ዕቃ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩ።

አየር ማስወጣት ቀረ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ከታች የአየር ማስወጫውን ብሎን ይከፍታል፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል። ሚስቴ ልጅቷን ታቅፋ መሪው ጋ ገባች።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

ከፈትኩ፤ ከቱቦው አረፋ ወጣ። ዘጋሁ። «ልቀቂ።»

«ለቀቅኩ። አንተ፣ ልጅቷ ተኛች።»

«ርገጪ።»

«በእያንዳንዱ ጊዜ ርገጪ ማለት የለብህም፣ ገብቶኛል።»

ሃያ ጊዜ ያህል ረገጠች። በመጨረሻ አረፋው ቆሞ ንጹሕ ዘይት መጣ። «ጠነከረ» አለች ሚስቴ ከውስጥ። ድምፅዋ ከረቡዕ ጀምሮ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። ከግቢ አውጥቼ የሴቻን ቁልቁለት ስድስት ጊዜ ወረድኩ፣ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ እየሄድኩ ቆምኩ። ከሥር ገብቼ ባለ ጥርሶቹን ብሎኖች በማያ ቀዳዳው አየኋቸው፤ ሁለቱም ረዝመዋል።

ቅዳሜ ማለዳ ጨንቻ ወጣሁ። ጉም ነበር። አማቴ ከደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ የክርስትናው ልብስ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገባቸው አለ። ይህ ደስ አሰኘኝ፣ ለመሄድ ያሰቡ ይመስላል። ሰላም ካልን በኋላ እንዝርቱን ሳያስቀምጡ ጠየቁኝ።

«ማን ጠገነው?»

መንገድ ላይ ሳስብ የመጣሁት መልስ ነበረኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አውሮፕላን የሚጠግን ሰው ነበር በውስጡ። አፌን ከፍቼ ግን እሱ አልወጣም።

«እኔ ነኝ እማማ። መጀመሪያ አበላሽቼው ነበር። ዕቃውን ሙዝ ቅጠል ላይ ዘርግቼ ላም በተነችብኝ፣ ከዚያ ላንቴ ሄጄ የሌላ ሰው መኪና ፈትቼ አይቼ ነው የገጠምኩት።»

«ላሟን ተዋት» አሉ። «ሁሌ አንድ እንስሳ ታስገባለህ። ስለ ፍሬኑ ብቻ ንገረኝ።»

«እማማ፣ ላሟ እውነት ነች።»

«ያ በሬም እውነት ነው ብለህ ነበር።»

ሌላ ጊዜ የዋሸሁት ሁሉ እዚያ ጉም ውስጥ ቆሞ ያየኛል። አማቴ እንዝርቱን አስቀመጡና «እጅህን» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ የፈተሉ፣ ባላቸው ሸማኔ የነበሩ ሴት ናቸው፤ የሰው እጅ ማንበብ ያውቃሉ። ጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር፣ መዳፌ ላይ የተላጠውን፣ የታሰረውን አውራ ጣቴን ፈትተው አዩ። መልሰው አሰሩት።

«ይሄ ሠርታለች» አሉ በራሳቸው አማርኛ፣ ለእጄ ይሁን ለእኔ ባላውቅም። ተነሥተው ጎረቤታቸውን ሽማግሌ ጠሩ።

ሽማግሌው እርጥብ ሣር ቆርጠው መጡ። ከቤቱ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው አነጠፉትና ዳር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። እዚያ አገር እርጥብ ሣር ሽማግሌ ካስቀመጠው ማንም አይሻገረውም። ጠበኛ ቢሆን ይቆማል፣ በቅሎ ቢሆን በልጓም ይያዛል። የተሻገረ ሰው ጉዳዩ ከአማቱ ጋር ብቻ አይሆንም፣ ከአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ጋር ነው።

«ከላይ ተነሥተህ ና» አሉኝ አማቴ። «ሣሩ ጋ ቁም።»

ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ቆምኩ። ከሣሩ አምስት እርምጃ ያህል ርቄ ነው የቆምኩት፣ ፈርቼ ስለነበር።

«እንደዚህ ቀስ ብላ ከመጣች አህያም ትቆማለች» አሉ ሽማግሌው።

አማቴ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ባዶ ናት ደግሞ» አሉ። ከጓዳቸው አራት ኩንታል ድንች አስወጥተው ከኋላ አስጫኑ። «አሁን ጭነት እንደያዝክ ሆነህ ና።»

ወደ ላይ ወጣሁና አዞርኳት። በጉሙ ውስጥ ሣሩ ከሩቅ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኳት፤ ድንቹ ከኋላ ይገፋኛል። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። ያን ጊዜ ረገጥኩ። አራቱም እግሮች እኩል ያዙ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልጎተተችም፣ ጠጠሩ ትንሽ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ። ከሣሩ ስንዝር ሲቀረኝ ቆምኩ እያልኩ ስንት ዓመት አውርቻለሁ። እውነቱ ሁለት ክንድ ነበር።

አማቴ ጎንበስ ብለው በጎማውና በሣሩ መሀል ያለውን መሬት አዩ። ሽማግሌው ሣሩን ሰብስበው መንገዱን ከፈቱ። ከዚያ አማቴ የክርስትናውን ልብስ ታቅፈው በሩን ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡት። ድንቹም እንደተጫነ ይቅር፤ ለክርስትናው ነው አሉ።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። መጀመሪያ ላይ አማቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው ነበር፤ በየኩርባው ጣቶቻቸው ሲጠብቁ አያለሁ። ከጉሙ ስንወጣ አባያ ከታች ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ተዘረጋ። ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ልናገር ዞር አልኩ። ራሳቸው ወደ መስኮቱ ተደግፎ ነበር፤ እጃቸው ከእጀታው ወርዶ ልብሱ ላይ አርፏል። ተኝተዋል። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምኮራበት ሥራ ሠርቼ የማወራው ሰው አጣሁ። ኩርባ ላይ እንዳይነቁ በእግሬ ጣት ጫፍ ነበር የምረግጠው፤ መኪናዋም እሺ ትላለች፣ ቀስ ብላ ትይዛለች፣ ቀስ ብላ ትለቃለች።

ከቤታችን ደጃፍ ስቆም እንኳ አልነቁም። ሚስቴ ልጅቷን ታቅፋ እየሮጠች ወጣች። እናቷን በመስኮቱ አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆነች?»

«ተኝተዋል።»

«የት ጋ ተኛች?»

«ከላይ፣ ገና ከጉሙ እንደወጣን።»

«በአንተ መኪና?»

በሩን ልትከፍት እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው፤ ልጅቷን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ በመስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐዩን በጀርባዋ ከልላ፣ እናቷ እስኪነቁ ቆመች።